ማይግሬን የሚባለው የራስ ምታትና የአበላል ልማዳችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ነገራችን የጤና ነገር ነው። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ትምህርታችንም እስከ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ነው። ሥራ የጀመርነው ሆሳዕና የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ሲሆን፣ ጡረታ ከወጣን በኋላ ደግሞ የዚህን ዕድር የስም መጥሪያ ደብተር ስንይዝ ቆይተናል። ሆኖም ሕመሙ በቤታችንም ያለ፣ በደብተራችንም ላይ ያየነው ስለሆነ፣ ባለሙያ ጠይቀን፣ የተጻፈውንም አንብበን ያገኘነውን በምንችለው ቋንቋ እናቀርባለን።

የደብተሩ ነገር እንዲህ ነው። በደንባችን መሠረት ያለ ምክንያት ከለቅሶ የቀረ አባል ይቀጣል፤ የታመመ ግን አይቀጣም። እግሩ የተሰበረ ይታያል። ወባ የያዘው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። የወለደችም ትታወቃለች። "ራሴን አሞኝ ነው" ያለች እናት ግን ምን ታሳይ? በሦስተኛው ቀን ገበያ ትገኛለች። ሰው ደግሞ አፉ አያርፍምና "ትናንትና ልትሞት ነበር፣ ዛሬ ሽንኩርት ትመርጣለች" ይላታል። ቅጣቱም ይጻፋል። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ የተቀጣች፣ ሦስቱንም ጊዜ በጨለማ ቤት ተኝታ ሻሽ በራሷ ላይ አስራ የነበረች አባል እንዳለችን እናውቃለን። ስሟን አንጠራም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነ እንይ። አገራችን ግማሽ ራስ ምታት ወይም ራስ ፍልጠት ይለዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ይይዛል። እንደ ልብ ትርታ ትር ትር ይላል፤ ሲራመዱና ጎንበስ ሲሉ ይብሳል። ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዱንም ያስታውከዋል። ብርሃን ያስጠላል፣ ጫጫታ ያስጠላል፣ ሽታም ያስጠላል፤ ያ የምንወደው የዕጣን ጢስ እንኳ ሳይቀር። መድኃኒት ካልተወሰደለት ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ይኸውም ሦስት ቀን ሙሉ ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ሊጀምረው ሲል ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰካካ ብርሃን በዐይኑ ላይ ያያል። ሲለቀው ግን ሰውየው ደኅና ነው፤ ሥራውን ይሠራል፣ ገበያውን ይገበያል። እንግዲህ ያቺ እናት በሦስተኛው ቀን ገበያ መገኘቷ የሕመሙ ጠባይ ነው እንጂ የውሸቷ ምስክር አይደለም።

የጥቂት ሰው ነገር እንዳይመስለን። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በገጠር 15,500 ጎልማሶችን አስጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ጥናታቸውን አሳትመው ነበር። በዚያ ጥናት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ማይግሬን የያዛቸው ከመቶ 3 ሆነው ተገኙ፤ ከሴቶቹ 4.2 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 1.7 ከመቶ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ወደ 18 ከመቶ ግድም አድርሶታል። እኛ በትንሹ ቁጥር እንኳ ብናሰላው፣ 200 ሴቶች ባሉበት ዕድር ስምንቱ የዚህ ሕመም ተጠቂ ናቸው። ስምንት ሰው ደግሞ አንድ ድንኳን የሚተክል ኃይል ነው። በሽታው በዘር የሚወርድ በመሆኑም እናት ካላት ሴት ልጅም ሊኖራት ይችላል፤ "ቤቱን ዐይን በልቶት ነው" የሚባለው ወሬ የሚነሣው ከዚሁ ይመስለናል።

አሁን ወደ አበላሉ እንምጣ። በሆስፒታል የምትሠራ የአንድ አባላችን ልጅ ስታስረዳን "ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎል ለውጥ አይወድም" አለችን። ምግብ ሲቀር ይቆጣል፣ እንቅልፍ ሲጎድል ይቆጣል፣ ቡና ሲቀር ይቆጣል፣ ሲበዛም ይቆጣል። እኛ በገባን መንገድ ስናስበው እንደ መዋጮ ውዝፍ ነው። የአንድ ወር ውዝፍ ያለበትን አባል ማንም አያስወጣውም። ሁለት ወርም ይታለፋል። ሦስተኛው ሲደረብ ግን ደንቡ ይነሣበታል። እንደዚሁም ሌሊት አለመተኛት አንድ ውዝፍ ነው፤ ቁርስ መተው ሁለተኛ ነው፤ ፀሐይ ሦስተኛ ነው። ሴቶች ላይ የወር አበባ መምጫው ሰሞን ራሱን የቻለ ውዝፍ ሆኖ ይጨመራል። ስለሆነም አንዲት ሴት አንድ ቀን ቁርስ ትታ ምንም ሳትሆን ብትውል፣ ሌላ ቀን ደግሞ በዚያው ቁርስ ምክንያት ብትወድቅ የሚያስገርም አይደለም። የወር አበባን ማስቀረት አይቻልም፤ ቁርሱን መብላት ግን ይቻላል።

ታዲያ ውዝፉ ሁሉ በአንድ ቀን የሚሰበሰብበት ቦታ የት ነው ቢባል፣ የእኛው ድንኳን ነው።

ጡሩምባው ሌሊት ይነፋል። እንቅልፍ ተቋረጠ። በማለዳ ምንም ሳይቀመስ ይወጣል፤ ሰው ሞቶ ሳለ ቁርስ መብላት ነውር ይመስለናልና። ከዚያ ፀሐይ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ ጩኸት አለ። ወንዶቹ ድንኳን ተክለን፣ አግዳሚ ደርድረን፣ ቁጭ እንላለን። ሴቶቹ ግን ጓዳ ገብተው በእንጨት ጢስ ውስጥ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ጎመን ይከትፋሉ፣ ቆጮ ይጋግራሉ። እነርሱ የሚበሉት መቼ ነው? ቀባሪው ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ድስቱ ሲጠረግ ነው። ይህም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ካለፈው ቀን እራት ጀምሮ ቢቆጠር ሃያ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ልጅ በደቡብ አፍሪካ ሲሞት ደግሞ የባሰ ነው። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና ከዙሪያቸው ገጠር ስንት ወጣት ወደዚያ እንደ ሄደ የማያውቅ የለም። መርዶው ከተነገረ በኋላ ሬሳው እስኪመጣ ቀን ይቆጠራል፤ ከቦሌ ለመቀበል ሌሊቱን በመኪና የሚጓዝ አለ። በዚያ ሁሉ ቀን እናትየውና እህቶቿ እህል ወደ አፋቸው አያቀርቡም። ኀዘናቸውን ማንም ሊያስተዋቸው አይችልም፤ አይገባምም። ነገር ግን አጥሚቱን በኩባያ ይዞ "እስቲ ትንሽ ፉት በዪ" የሚል ሰው ከአጠገባቸው ማስቀመጥ የዕድር ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ምግብ መተው ይህን ሕመም ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ደጋግሞ የተመሰከረበት ነው። ስለዚህ ሕመሙ ያለበት ሰው ለቅሶም ቢሆን፣ ገበያም ቢሆን፣ ስብሰባም ቢሆን፣ ሳይቀምስ ከቤቱ አይውጣ። ብዙ መሆን አያስፈልገውም፤ ቁራሽ ቂጣ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ትንሽ ቆጮ በጎመን ይበቃል። በኪስ ወይም በመቀነት ጫፍ አንድ እፍኝ ቆሎ ይያዝ። ቆሎ አይበላሽም፣ ሽታ የለውም፣ በለቅሶ ቤት ቢቆረጠምም አያሳፍርም፤ ንፍሮ የሚበላበት ቤት አይደለም እንዴ?

ውኃም እንደዚሁ ነው። ድንኳን ውስጥ አራት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ውኃ ለመጠየቅ ያፍራል። ሴቶቹ ደግሞ ሽንት ቤት ላለመሄድ ሲሉ ሆን ብለው አይጠጡም። ይህንን ስንናገር አትሳቁ፤ እውነት ነው። ጀሪካንና ኩባያ ከድንኳኑ በር ላይ ቢቀመጥ ሰው ሳይጠየቅ ይጠጣል።

ቀጥሎ የቡናው ነገር ነው፤ ይህ ሳያጨቃጭቅ አይቀርም። በእኛ አገር ቡና ጠዋት አለ፣ ቀትር አለ፣ ማታ አለ፤ በጨው የሚጠጣው ቤትም አለ። "ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል" የማይል ጎልማሳ ጥቂት ነው። ይህም ውሸት አይደለም። በቡና ውስጥ ካፌይን የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነት ከለመደው በኋላ ሲቀርበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይጠናል፤ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሰውነት ይለምዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ካፌይን የራስ ምታት ክኒንን ኃይል ስለሚጨምር በአንዳንድ ክኒን ውስጥ ተቀላቅሎ ይሠራል። እንግዲህ ቡና መድኃኒትም ነው፣ ዕዳም ነው።

ባለሙያዎች የሚሉት ማይግሬን ያለበት ሰው ቡናውን በልክና በሰዓቱ ያድርገው ነው። ካፌይኑ በቀን ከ200 ሚሊግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሲኒ ግድም ቢሆን ይሻላል ማለት ነው። ጎረቤት በጠራ ቁጥር ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ይቅር። መቀነስ የፈለገ ሰው ግን በአንድ ጊዜ አይተው፤ በሦስትና በአራት ቀን አንዳንድ ሲኒ እያጎደለ ይሂድ። ለጎረቤት "አልጠጣም" ማለት እንደ ኩርፊያ ስለሚቆጠር፣ ሲኒውን ተቀብሎ ግማሹን መጠጣትም ያስኬዳል። እኛ በቤታችን ይህንኑ አድርገናል፤ የተጣላን ሰውም የለም።

ከቡናው ጋር የሚሄደው የጾም ነገር ነው። በመካከላችን ኦርቶዶክሱ አለ፣ ሙስሊሙ አለ፣ ጾም ጸሎት ይዞ ሦስት ቀን የሚዘጋው ወንጌላዊ አማኝም አለ። ጾም ተዉ ለማለት አልመጣንም። ነገር ግን በጾም መጀመሪያ ቀኖች የሚመጣው ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ የምግብ፣ የውኃ፣ የእንቅልፍና የቡና መቅረት ተደርቦ ነው። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሊገባ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቡናውን መቀነስ መጀመር ይገባል። ሙስሊሙ ወንድማችን የሱሑሩን ምግብ አይዝለል፤ ጣፋጭ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ከመተኛትም ሆድ ይዞ የሚቆይ እህልና በቂ ውኃ ይውሰድ። ኦርቶዶክሱም ዘጠኝ ሰዓት ሲፈታ በቡና አይጀምር፤ ውኃና እህል ይቅደም። ሕመሙ የጠናበት ሰው ደግሞ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ያማክር፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ፈቃድ አላቸው።

"ታዲያ ምን ምን እንተው?" የምትሉን ታላችሁ። ከውጭ አገር ተተርጉሞ የሚመጣው ዝርዝር ቸኮላት፣ ብዙ ጊዜ የቆየ አይብ፣ ቀይ ወይን ጠጅ፣ በመድኃኒት የተቀመመ ሥጋ ይላል። ይህ በአብዛኛው የእኛ ገበታ አይደለም። የእኛ አይብ ትኩስ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ወራት የከረመው የፈረንጅ አይብ ነው፤ ስለዚህ በጎመን ላይ ያለውን አይብ ማንም አይፍራ። ከሱቅ የሚመጣ ሞርታዴላና የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ግን ከልጆቻችን ጋር ወደ ቤት ገብቷልና የማይስማማው ሰው ይጠንቀቅ።

አንድ የሚያሳስት ነገር ደግሞ አለ። ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት፣ አንዳንዴም በዋዜማው፣ ሰውየው ያዛጋዋል፣ ይነጫነጫል፣ ጣፋጭ ነገር ያምረዋል። ሙዝ ወይም ብስኩት ይበላል። ከዚያ ራሱን ሲያመው "ሙዙ ነው ያመጣብኝ" ይላል። ነገር ግን ሕመሙ ቀድሞ ጀምሮ ያስመኘው ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ሙዝ፣ አንድ ጊዜ እንቁላል፣ አንድ ጊዜ ወተት እያለ ገበታውን ሁሉ የጨረሰ ሰው አለ። ደጋግሞ ካልተረጋገጠ በስተቀር ምግብ አይተው፤ ይልቁንስ ሰዓቱን ይጠብቅ።

ስለ ቆጯችን አንድ ነገር እንጨምር። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ሆድም ይዞ ይቆያል፤ ገንቢው ነገር ግን ያንሰዋል። ከባቄላ፣ ከጎመን፣ ከአይብ ጋር ሲሆን ነው ሙሉ ገበታ የሚሆነው። ጎመን፣ ባቄላ፣ የዱባ ፍሬና ያልተፈተገ እህል ማግኒዚየም የተባለ ማዕድን አላቸው። ይህ ማዕድን በክኒን ሲሰጥ የማይግሬን ምልልሱን እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም ጎመን ብቻውን ክኒኑን አይተካም፤ ቢሆንም ጎመን በልቶ የተጎዳ የለም።

የመስቀልን ሰሞን ያሆዴም ብንለው መሳላም ብንለው ያው ነው፤ ቀን ሙሉ ሲሯሯጡ ሳይበሉ ውሎ ማታ ሥጋውን፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና እስከ እኩለ ሌሊት መደራረብ ሕመምተኛውን ይጥለዋል። በዓሉን ያክብር፤ ምሳውን ግን አይተው። አረቄና ጠጅ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ የማይጠጡ ስለሆነ በዚህ አንቆይም። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሁለት ውዝፍ በአንድ ጊዜ ማለት ነው።

መድኃኒትን በሚመለከት ጥቂት እንበል። ሕመሙ እንደ ጀመረ ወዲያው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በውኃ ወስዶ በጨለማና ጸጥ ባለ ቤት መተኛት ይረዳል፤ ከጠና በኋላ ቢወሰድ ብዙም አይሠራም። አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ አይወሰድ፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሐኪም ሳትጠይቅ አትውሰደው። ከሁሉም የሚያሳስበው ክኒኑን እንደ ቆሎ መቆርጠም ነው። ተራውን ክኒን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ቅልቅሉን ወይም ኮዴይን ያለበትን 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው፣ ክኒኑ ራሱ የራስ ምታት ያመጣበታል። ልጆቻችን ከውጭ የሚልኩት ክኒን ሁሉ ምን እንዳለበት ሳይነበብ ከጎረቤት ለጎረቤት አይታደል። ዳማከሴ ማሽተትን አንቃወምም። ጆሮ ግንድን በምላጭ መበጣት ግን ይቅር፤ ምላጩ ከሰው ወደ ሰው በሽታ ያስተላልፋል እንጂ ሕመሙን አያወጣም። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያመው ሰው ወደ ሐኪም ቢሄድ፣ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ ሕመሙን አስቀድመው የሚከላከሉ መድኃኒቶች ሊታዘዙለት ይችላሉ።

የራስ ምታት ሁሉ ማይግሬን አለመሆኑንም እንወቅ። እንደ መብረቅ ድንገት የመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ እጅ ወይም እግር ያሰነፈ፣ አንደበት ያሰረ፣ ራስን ከመመታት በኋላ የመጣ፣ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ወይም በእርግዝና ጊዜ ከዐይን ብዥታ ጋር የመጣ ከሆነ፣ ቆሎም ቡናም ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። እዚህ ሆሳዕና በሐዲያዋ ተወላጅ ስም የተሰየመው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ለከምባታ ወገኖቻችንም የዱራሜ ሆስፒታል አለላቸው።

አሁን ለዚህ ጉባኤ የምናቀርበው ሦስት ነገር አለን። አንደኛ፣ በለቅሶ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ዳቦ ወይም ንፍሮ ከውኃ ጋር ለሁሉም ይቅረብ፤ ጓዳ ለሚሠሩት እናቶች ደግሞ ከሁሉ በፊት ይሰጥ። ወጪውን አስልተነዋል፤ ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ከሚቀርበው ላይ ጥቂት ቀድሞ ማውጣት እንጂ አዲስ መዋጮ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ማይግሬን እንዳለበት ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል አንድ ጊዜ ወረቀት ያመጣ አባል፣ ሕመሙ በተነሣበት ቀን ሰው ልኮ ካስታወቀ ቅጣቱ ይቅርለት። "ሁሉም ራሴን አሞኛል ሊል ነው" የሚሉ አሉ። ወረቀት ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ደግሞም ለቅሶ መቅረት ለማንም ደስታ አይሰጥም።

ሦስተኛው ደብተሩ ነው፤ ይህ የእኛ የሙያችን ነገር ስለሆነ ይቅርታ አድርጉልን። ሕመሙ ያለበት ሰው ቀኑን፣ የጀመረውን ሰዓት፣ ባለፈው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደ ተኛ፣ ቁርስና ምሳ መብላቱን፣ ስንት ሲኒ ቡና እንደ ጠጣ፣ የወሰደውን ክኒን ይጻፍ። ሴቶች የወር አበባቸውን ቀን ምልክት ያድርጉበት። ሁለት ሦስት ወር ሲጻፍ ውዝፉ ከየት እንደሚመጣ ለየሰዉ ይታያል፤ ሐኪሙም ያንን ይዞ ለመሥራት ይቀለዋል። እኛ ሃያ ደብተር አስምረን አዘጋጅተናል፤ ከዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ በነፃ ይወሰዳል። መጻፍ የማይችል አባል ካለ ልጁ ይጻፍለት። ልጅ ከሌለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታችን ይምጣና እኛ እንጽፍለታለን።